መልስ የማይሰጥ ቢሮ፦ ከአወሊያ ግቢ እስከ ቃሊቲ

ከሳሪስ ቁልቁል ወርደን ቃሊቲ መናኸሪያን ስናልፍ፣ ከዚያም ወደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ስንዘልቅ አዲስ አበባ ሌላ መልክ ትይዛለች። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ የጭነት መኪናዎች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮችና በየመንገዱ ዳር የተከፈቱ ኮሌጆች ይታያሉ። በቅሊንጦ በኩል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከክፍለ ሀገር የመጣው ወጣትና የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ እዚህ አካባቢ ቤት ተከራይቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ይማራል።

ያም ሆኖ «ቃሊቲ» የሚለው ስም ሲነሳ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚታወሰው ማረሚያ ቤቱ ነው። ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ያ ስም የራሱ ትርጉም አለው። ወንድሞቻችን የታሰሩበት፣ እናቶች በየሳምንቱ ስንቅ ቋጥረው የተመላለሱበት፣ ሕፃናት አባታቸውን በአጥር ማዶ ያዩበት ቦታ ነው።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። ወደ ቃሊቲ ያደረሰው ያ ረጅም መንገድ የተነሳው በአንድ የትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ለአስተዳደሩ ካቀረቡት ጥያቄ ነበር። መምህሮቻችን ለምን ተባረሩ? ትምህርታችን ለምን ተቋረጠ? ማንን እንጠይቅ? ዘንድሮ ኮሌጅ የገባ ወጣት ያኔ ገና መዋዕለ ሕፃናት ያልጨረሰ ልጅ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቁስል ለመነካካት ብለን አይደለም። ያኔ የተሠራው ስህተት በየኮሌጁና በየትምህርት ቤቱ በትንሹም በትልቁም ዛሬም ስለሚደገም ነው።

በአወሊያ ምን ሆነ?

አወሊያ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ ከመደበኛ ትምህርት ጋር የዐረብኛ ቋንቋና የእስልምና ትምህርት ሲሰጥ የኖረ ተቋም ነው። ከአጸደ ሕፃናት እስከ ኮሌጅ ሺዎችን አስተምሯል። በ2003 ዓ.ም አስተዳደሩ ለብዙ ዓመታት ሲደግፈው ከነበረው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት እጅ ወጥቶ በቀጥታ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሥር ገባ። በዚያው ክረምት የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴርና የዚያን ጊዜው መጅሊስ ከሊባኖስ በመጡ አሰልጣኞች አማካይነት የአሕባሽን አስተምህሮ በሥልጠና ስም በየክልሉ ማዳረስ ጀምረው ነበር። ሙስሊሙ ውስጥ ጥርጣሬና ቅሬታ የነገሠበት ወቅት ነበር።

በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም መጅሊሱ 50 የሚሆኑ የአወሊያ የዐረብኛ ቋንቋ መምህራንን በደብዳቤ አሰናበተ። የዐረብኛ ትምህርቱም ተዘጋ። ተማሪው ጠዋት ክፍል ሲገባ መምህሩ የለም። ለምን እንደተሰናበተ የሚያስረዳ ስብሰባ አልተጠራም፣ ወላጅም አልተማከረም፣ ምትክ መምህር መቼ እንደሚመጣም የተነገረ ነገር የለም። ተማሪዎቹ በግቢያቸው ተሰባስበው ጠየቁ። የጠየቁት ነገር ቀላል ነበር። መምህራኑ እንዲመለሱ፣ ትምህርቱ እንዲቀጥል፣ ተቋሙም ማኅበረሰቡ በሚያምነው ነፃ ቦርድ እንዲተዳደር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ጥያቄው በመጀመሪያ የቀረበው ለመንግሥት አልነበረም። ሙስሊም ተማሪዎች በሙስሊሞች ስም ለቆመ ተቋም ያቀረቡት ጥያቄ ነበር። የቤተሰብ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ አስተዳዳሪ ወደ ግቢው ገብቶ፣ ከተማሪዎቹ ፊት ቆሞ፣ «ውሳኔውን የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅሬታችሁን በዚህ ቀን እንመልሳለን» ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያው በአወሊያ አጥር ውስጥ ሊያልቅ ይችል ነበር።

አላለቀም። ጁሙዓ በመጣ ቁጥር ወደ አወሊያ የሚመጣው ሕዝብ በዛ። የተማሪዎቹ ጥያቄ የወላጆች፣ ከዚያም የከተማው፣ ከዚያም የሀገሪቱ ሙስሊሞች ጥያቄ ሆነ። በጥር 2004 ዓ.ም ሕዝቡ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጠ። ሦስቱ ጥያቄዎችም መልክ ያዙ፦ አሕባሽን በኃይል መጫን ይቁም፤ መጅሊሱ ሕዝበ ሙስሊሙ በመስጂዱ በነፃነት በሚመርጣቸው ሰዎች ይተካ፤ አወሊያ በነፃ ቦርድ ይተዳደር። ኮሚቴው ከሕዝቡ ፊርማ አሰባሰበ፣ የመንግሥት ቢሮዎችን በር አንኳኳ፣ ከፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ኃላፊዎችም ጋር ተገናኘ። መንግሥት «ለጥያቄዎቹ መልስ ሰጥቻለሁ» አለ። ሕዝቡ ደግሞ የጠየቀውና የተሰጠው መልስ እንዳልተገናኙ ተናገረ። የመጅሊስ ምርጫው መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም ሲካሄድ ሕዝቡ በጠየቀው በመስጂድ ሳይሆን በቀበሌ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ሐምሌ 6 ቀን 2004 ዓ.ም ሌሊት፣ ለሰደቃ ዝግጅት እየተደረገ ባለበት፣ የፀጥታ ኃይሎች አወሊያ ግቢ ገቡ። በቀጣዮቹ ቀናት፣ ረመዳን ሊገባና በገባ ሰሞን፣ የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። ክሱ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሆነ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም ፍርድ ቤቱ በ18 ተከሳሾች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ፈረደ። ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ፣ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩና ወንድም ካሚል ሸምሱ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ከፊሎቹ በ2009 ዓ.ም መጀመሪያ በይቅርታ ወጡ፤ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም ድረስ በእስር ቆየ።

በግቢ ውስጥ ሊመለስ የሚችል የትምህርት ጥያቄ በሰባት ወር ውስጥ የሽብር ክስ ሆነ።

ስህተቱ የቱ ጋ ነበር?

ስለ አወሊያ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፖለቲካው ነው። እውነት ነው፣ ፖለቲካ ነበረበት። የአሕባሽ ጉዳይ ባይኖር መምህራኑ በዚያ መልክ ላይባረሩ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ከፖለቲካው ሥር ሌላ ችግር ነበር። እሱም የአስተዳደር ችግር ነው፣ ስለዚህ በማንኛውም ተቋም ሊደርስ ይችላል። ለይተን ብናየው ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ ውሳኔው ያለ ምክክር መጣ፣ ያለ ምክንያትም ተነገረ። ደብዳቤ ለተባረረው መምህር ይደርሳል፤ መምህሩን ላጣው ተማሪ ግን የሚደርስ ነገር የለም። አስተዳዳሪው ዝም ሲል ተማሪው ምክንያቱን ራሱ መገመት ይጀምራል። ግምት ደግሞ ከእውነት ይፈጥናል። አመራሩ ያልሞላውን ክፍተት ወሬ ይሞላዋል።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ ሰሚና የአቤቱታው ምክንያት አንድ አካል ነበሩ። ተማሪው በመጅሊሱ ውሳኔ ቅር ተሰኝቶ አቤት የሚለው ለዚያው ለመጅሊሱ ነበር። ከዚያ በላይ የሚያይ ነፃ ቦርድ አልነበረም። «ነፃ ቦርድ ይቋቋም» የሚለው ጥያቄ ከሦስቱ አንዱ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ተማሪዎቹ ችግሩን በትክክል አይተውታል። አንድ ጥሩ ሰው እንዲሾምላቸው ከመጠየቅ ይልቅ የሚሰማ አሠራር እንዲኖር ጠየቁ።

ሦስተኛ፣ ለጥያቄው መልስ በመስጠት ፈንታ ለጠያቂው ስም ተሰጠው። «አክራሪ» ተባለ። «ጥቂት ሁከት ፈጣሪዎች» ተባለ። ስም መለጠፍ ለአስተዳዳሪ ይመቸዋል፤ ከማስረዳት ያሳርፈዋልና። ነገር ግን ስም የተለጠፈበት ሰው ጥያቄውን አይተውም። ቀድሞ ከነበረው ጥያቄ ላይ የክብር ጥያቄ ይጨምርበታል እንጂ።

አራተኛ፣ መልሱ ሲመጣ ከጠያቂው ጋር በመነጋገር ሳይሆን ስለ ጠያቂው በመናገር መጣ። ኮሚቴው በፍርድ ቤት ጉዳዩ እየታየ ሳለ በ2005 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፕሮግራም አሰራጨ። ገና ያልተፈረደባቸው ሰዎች በሕዝብ ፊት ቀረቡ። መነጋገር ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው ወገን እስር ቤት ነበር።

ከሌላው ወገን ያለውንም በሚዛን እንይ። የመንግሥት ኃላፊዎች ስጋታቸው አክራሪነት መሆኑን፣ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን እንዳለበት ሲናገሩ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን እኛም እንቀበላለን። ነገር ግን ያው አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይላል፤ አንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት ማቋቋም እንደሚችሉ ይላል። አወሊያ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። ስጋት አለኝ የሚል አካልም ስጋቱን በማስረጃ አስረድቶ፣ የሚመለከተውን ሰምቶ መወሰን ነበረበት። ስጋት መኖሩ የመስማትን ግዴታ አያስቀርም።

አክሱም፦ ተመሳሳይ መንገድ፣ ሌላ ዘመን

«ያ ያለፈ ዘመን ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ወደ 2017 ዓ.ም እንምጣ። በአክሱም ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃባቸውን ካላወለቁ ክፍል አትገቡም ተባሉ። ትምህርት ቤቶቹ የአለባበስ ደንብ ጠቀሱ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ተማሪዎቹ ከትምህርት እንዳይታገዱ ቢያሳስብም በር ላይ ያለው ሁኔታ አልተለወጠም። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ፤ በጥር ወር ፍርድ ቤት ክልከላውን የሚያግድ ትእዛዝ ሰጠ። በዚያው ወር በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። በመካከሉ ግን ከ150 የሚበልጡ ሴት ልጆች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ አለፋቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው ክፍል ይህ ነው፦ የበላይ አካል አንድ ነገር ይላል፣ ርዕሰ መምህሩ ሌላ ያደርጋል፣ ልጅቷ ከሁለቱ መካከል በር ላይ ትቆማለች። የሚያስረዳት ሰው የለም፣ የተጻፈ ውሳኔም አይሰጣትም። «ደንብ ነው» ትባላለች፤ ደንቡን አሳዩኝ ብትል የሚያሳያት የለም። ቢሮዎች እስኪነጋገሩ ድረስ የምዝገባው ቀን ያልፋል። የአስተዳዳሪ ዝምታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዝም ያለው ሰው አይደለም።

በአወሊያና በአክሱም መካከል አንድ ልዩነት ማየታችንን ግን መካድ የለብንም። በአክሱም ጉዳይ ምክር ቤቱ ከተማሪዎቹ ጎን ቆሟል፣ ፍርድ ቤትም ሄዷል። በ2004 ዓ.ም ተማሪው አቤት የሚልበት መጅሊስ አልነበረውም፤ አቤቱታው በራሱ በመጅሊሱ ላይ ነበርና። ጠቅላይ ምክር ቤቱ በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አዋጅ በር አይከፍትም። በር የሚከፍተው ሰው ነው።

በየኮሌጁ ያለው ዝምታ

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ ነገር እንመለስ። በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላው የከተማዋ ክፍል ባሉ ኮሌጆች የሚማር ተማሪ ሁልጊዜ የሚገጥመው የሒጃብ ወይም የሶላት ጥያቄ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ቅሬታ ተራ ነው። የፈተና ውጤት በጊዜው አልተለጠፈም። ክፍያ በሴሚስተር መካከል ጨመረ። ተመዝግቤበታለሁ ያለው የትምህርት ዘርፍ ተቀየረ። መምህሩ ከወሩ ግማሹን አልመጣም። ፈተናው የዋለው ዓርብ በጁሙዓ ሰዓት ነው። ተማሪው ወደ ሬጅስትራር ይሄዳል፤ «ዲኑን ጠይቅ» ይባላል። ወደ ዲኑ ይሄዳል፤ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ተመለስ» ትለዋለች። ሰኞ ይመለሳል፤ «ጉዳዩ የሬጅስትራር ነው» ይባላል። በመጨረሻ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ይለጠፋል፤ ማኅተም አለው፣ ምክንያት የለውም።

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት የታዘብነው ነገር አለ። ተማሪ «አይሆንም» መባልን ይችላል። ምክንያቱ ከተነገረው፣ ባይስማማበትም እንኳ፣ አብዛኛው ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። የማይችለው አለመሰማትን ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አንዴም ዓይኑን ያላየው ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ መልካም ውሳኔ እንኳ ቢሰጠው አያምንም። አመኔታ የሚጠፋው በመጥፎ ውሳኔ ብቻ አይደለም፤ በተዘጋ በርም ይጠፋል።

ይህን ስንል ወደ ውጭ ብቻ እየጠቆምን አይደለም። የራሳችን መድረሳዎች፣ የራሳችን ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች፣ የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም ጭምር በዚህ ይታማሉ። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ «አደብ የለውም» የሚባልበት፣ ወላጅ የሒሳብ መግለጫ ሲጠይቅ «ፊትና አታንሳ» የሚባልበት ቦታ ስንት ነው? አደብ ከተማሪ ይጠበቃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አደብ የአስተዳዳሪ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። አወሊያም የእኛው ቤት እንደነበረ አንርሳ።

ዲናችን ስለ በር ምን ያስተምረናል?

በቁርኣን «ዐበሰ» የምትባለው ሱራ የወረደችበት ምክንያት በተፍሲር መጻሕፍት የታወቀ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ እስልምና ሲጠሩ፣ ዓይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር ፈልጎ መጣ። እሳቸው ለታላቅ ዓላማ ተጠምደው ነበርና ፊታቸውን መለሱ። የአላህ ወቀሳ ወረደ። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ያንን ሰው ሲያከብሩት፣ ከመዲና ሲወጡም ምትክ አድርገው ሲሾሙት ኖረዋል። ይህ ታሪክ ለማንኛውም የትምህርት ተቋም ኃላፊ ይበቃል። ከምድር ላይ በላጩ ሰው ለታላቅ ሥራ ተጠምደው እያለ ለመማር የመጣን አንድ ሰው በማዘግየታቸው ቁርኣን ከወረደ፣ እኛ «ስብሰባ ላይ ነን» ብለን ለመማር የመጣን ልጅ ስንመልስ ምን እንላለን?

ሁለተኛው ታሪክ የኩፋ ሰዎች በአስተዳዳሪያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ ለዑመር (ረ.ዐ) ያቀረቡት አቤቱታ ነው። ሰዕድ ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ ነው። የተከሰሰውም ሶላት አሳምሮ አያሰግድም በሚል ነበር። ዑመር «እንዴት ሰዕድን ትነካላችሁ» ብሎ አላባረራቸውም። ሰዕድን ራሱን ጠየቀው፣ መልሱን ሰማ። ከዚያም ሰዎችን ወደ ኩፋ ልኮ በየመስጂዱ ሕዝቡ እንዲጠየቅ አደረገ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም መልካም ተናገሩለት። ዑመር ያም ሆኖ ለሕዝቡ መረጋጋት ሲል ሰዕድን አንስቶ ሌላ ሾመ፤ ቆየት ብሎም ያነሳው በድክመት ወይም በክህደት እንዳልሆነ ተናግሮ ክብሩን ጠበቀለት። ከሳሽ ተሰማ፣ ተከሳሽ ተሰማ፣ ምርመራ ተደረገ፣ ውሳኔ ተሰጠ፣ ምክንያቱም በይፋ ተነገረ። ከ1,400 ዓመት በፊት የነበረ የአቤቱታ አሠራር ነው።

ሦስተኛም አለ። የሰዎችን ጉዳይ ይዞ ከችግረኛው ፊት በሩን የዘጋ ሰው፣ አላህም በችግሩ ጊዜ በሩን እንደሚዘጋበት የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሐዲሱ ለሙዓዊያ (ረ.ዐ) በተነገረው ጊዜ የሕዝብን ጉዳይ የሚቀበል ሰው መሾሙም አብሮ ተዘግቧል። ምክሩን ሰምቶ ምክሩን በሥራ ማዋል ማለት ይህ ነው።

ተማሪው ምን ያድርግ?

ለአስተዳዳሪዎች ብቻ ተናግረን ብንተው ጉዳዩ ግማሽ ይሆናል። ለተማሪ ወንድምና እህቶቻችንም የምንለው አለን።

ቃል ይረሳል፤ ወረቀት ይቀራል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት። ቀን፣ ስም፣ የተጠየቀው ነገር በአንድ ገጽ ይግባ። ወደ መዝገብ ቤት ወስዳችሁ ገቢ አስደርጉ፤ ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያዙ። በጽሑፍ መልስ እንደምትፈልጉ በትሕትና ግለጹ። ብዙ ቢሮ ከቁጣ ይልቅ ቁጥር ያለውን ደብዳቤ ይፈራል።

ሕጉንም እወቁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል የአስተዳደር ተቋማት የቀረበላቸውን ጥያቄ ተቀብለው በጽሑፍና ምክንያቱን ገልጸው እንዲወስኑ ያዛል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ከፍቷል። የግል ኮሌጅ በቀጥታ በዚህ አዋጅ ላይያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የመንግሥት ተቋም ነው፣ አቤቱታም ይቀርብለታል። የመንግሥት ተቋም አስተዳደራዊ በደል ሲያደርስ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ ነው።

ተደራጁ፣ ነገር ግን ሥርዓት ይኑራችሁ። የ2004 ዓ.ም ተማሪዎችና ከእነሱ ኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ለዓመታት የጠበቁት ነገር ሰላማዊነታቸውን ነው። ዝም ብለው ቆሙ፣ ቢጫ ካርድ አሳዩ፣ «ድምፃችን ይሰማ» አሉ። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ በሕዝብ ልብ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ክርስቲያን የክፍል ጓደኞቻችሁንም አትርሱ። ውጤት ያልተለጠፈለት ተማሪ ሃይማኖት የለውም፤ ችግሩ የጋራ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት በወጡበት ታላቅ ሰልፍ ላይ ክርስቲያን ወገኖቻችን አብረው ተሰልፈው ነበር። ፍትሐዊ ጥያቄ ከጎረቤት ወዳጅ አያጣም።

ወሬንም አጣሩ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። የዲኑ ቢሮ ዝም ሲል በቴሌግራም የሚዞረው ሁሉ እውነት አይደለም። አስተዳዳሪን በማይሠራው ነገር መክሰስ ጥያቄያችሁን ያረክሰዋል፤ ለእሱም ከመመለስ የሚያመልጥበት ሰበብ ይሰጠዋል።

ለአመራሮች

በሙስሊሙም ሆነ በሌላው ተቋም ወንበር ላይ ላላችሁ ወገኖች የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ያለ ቀጠሮ ተማሪ የምትቀበሉበት ሰዓት ይኑር። ለቀረበ ደብዳቤ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ተማሪን የሚነካ ውሳኔ ከመውጣቱ በፊት የተማሪ ተወካዮች ይሰሙ፤ ከወጣ በኋላ ምክንያቱ ይጻፍ። ቅሬታ የሚቀርብበት ሰውና ቅሬታውን የሚያየው ሰው አንድ አይሁን። ስለ ሶላት፣ ስለ ጁሙዓ ሰዓትና ስለ አለባበስ ያለው ደንብ ምዝገባ ሲጀመር ይታወቅ እንጂ በፈተና ዋዜማ በር ላይ አይሰማ። መጅሊሳችንም በየክፍለ ከተማው የተማሪን አቤቱታ ተቀብሎ እስከ መጨረሻ የሚከታተል ሰው ቢመድብ፣ የትምህርት ጥያቄ አደባባይ ሳይደርስ ይመለሳል።

በአወሊያ ግቢ የጠየቁት ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል። ከእነሱም ውስጥ መምህርና አስተዳዳሪ የሆኑ አሉ። ያኔ ያጡትን ጆሮ ዛሬ ለሚጠይቃቸው ልጅ መስጠት በእጃቸው ነው። ወደ ቃሊቲ የሚወስደው መንገድ ለተማሪዎቻችን የኮሌጅና የሥራ መንገድ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አላህ ያድርገው። ኃላፊነት የተሸከሙትንም ለመስማት ትዕግሥት፣ ለመመለስ ድፍረት ይስጣቸው።

ወላሁ አዕለም።